ጃዝ፣ ትምህርት ቤትና ሰፈር

አዲስ አበባ የጃዝ ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የጃዝ ትምህርት ከተማ ግን አይደለችም። ሙዚቃው ያደገው በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ፣ በቲያትር ቤት፣ በሆቴል አዳራሽና በምሽት ክበብ ነው።

የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ ራሱ የተማረው ውጭ አገር ነው። በ1943 ጅማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ወደ ብሪታንያ የተላከው ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። ዌልስ ውስጥ ተማሪ ሳለ ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘነበለና ለንደን በትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ቦስተን በበርክሊ ተማረ። በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት አልበሞች አሳተመ።

ይዞት የተመለሰው ጥያቄ ከባድ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ ጃዝ ደግሞ በአሥራ ሁለቱም ድምፆች ይመላለሳል። በትዝታ ውስጥ በሌለ ድምፅ የተሞላ ኮርድ ከሥሩ ሲገባ ዜማው መልኩን ያጣል፤ ኮርዱ ሲሳሳ ደግሞ ጃዝነቱ ይቀራል። የሙላቱ መላ ዜማውን በቅኝቱ ለሳክስፎንና ለትራምፔት መተው፣ ከሥሩ ቤዙ አንድ ሐረግ እየደጋገመ እንዲሄድ ማድረግ፣ በመካከል ቫይብራፎኑንና ፒያኖውን በቁጥብነት ማስገባት ነው። በ1972 የወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ለሰማ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ሙላቱ ደጋግሞ የሚያነሳው ሌላም ጉዳይ አለ፦ በደቡብ የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ዋሽንት የሚጫወቱት ሙዚቃ። እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ድምፅ ብቻ ይዞ ዜማው በኅብረት ይሞላል፤ በዚህ ውስጥ የጃዝ ሰዎች ዘመናዊ የሚሉት ስኬል ይገኛል ባይ ነው።

በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጣ፤ ሙላቱም አብሮት ሠራ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። የሰዓት እላፊ ገደቡ ለዓመታት ሲዘልቅ የምሽት ሕይወት ከሰመ፤ ባንዶች ተበተኑ፤ ከፊሉ ሙዚቀኛ ተሰደደ። የተቋረጠው መዝናኛ ብቻ አልነበረም። ወጣቱ ትልቁን አጠገቡ ቆሞ እየሰማ የሚማርበት ቦታም አብሮ ተዘጋ።

ያንን ክፍተት በከፊል የሞላው ፌስቲቫል ነው። በጥር 2004 ከቦስተን የመጣው የሙዚቀኛው የራስ ገርሾን ኢዘር ኦርኬስትራ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ። ከኤሊንግተን ወዲህ እዚህ የተጫወተ የመጀመሪያው የአሜሪካ ትልቅ ባንድ ነበር። ሙላቱ፣ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያና ድምፃዊው ባህታ ገብረ ሕይወት አብረውት መድረክ ላይ ወጡ፤ ቅጂው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ኅትመት 20ኛ ሆኖ ወጣ። ጌታቸው በሽለላና በፉከራ ስልት ይነፋው የነበረውን ሳክስፎን የባሕር ማዶ ሙዚቀኞች አጠገቡ ሆነው ሲሰሙት ማን ማንን እንዳስተማረ መለየት ያዳግት ነበር።

በትምህርት ቤት በኩል ዋናው ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር ይሰጥበታል። በ2012 «ጉዞ» የተባለ አልበም ያወጣው ፒያኒስት ሳሙኤል ይርጋ እዚያ የተማረ ነው። ጃዙን ግን ብዙዎቹ ያገኙት ከግቢው ውጭ፣ በየክበቡ ነው። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ በጥር 2015 ሆቴሉን በጎዳው ቃጠሎ አዳራሹ ወደመ።

ሁለቱን ወገን ያገናኘ ሥራ በአሜሪካ ኢዳሆ ግዛት፣ ሞስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛል። የኢዳሆ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ፌስቲቫል በ1985 በቫይብራፎን ተጫዋቹ በላየነል ሃምፕተን ስም ተሰየመ። ከየትምህርት ቤቱ የሚመጡ ልጆች ቀን ቀን በአዳራሾች እየተጫወቱ ከአንጋፋዎች እርማት ያገኛሉ፤ ማታ አንጋፋዎቹ መድረኩን ይረከባሉ። ከቀን ሥራው የማታው ይደምቃል፤ ከማታው ግን የቀኑ ይበልጣል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ ለሚገኘው ለኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ተማሪም የሚሻለው ይኸው የቀኑ ሥራ ነው። የጃዝ ምሽቶች የሚደምቁት ወደ መሀል ከተማ ነው፤ ሙዚቃው የሚሞቀው ደግሞ ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ነው። ቀላል ባቡሩ በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ አየር ጤና፣ ቤቴልና ዓለም ባንክ ድረስ ያለውን መንገድ ያለ ታክሲ መዝለቅ ቀላል አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈር የሚደረግ ዝግጅት ግን ወላጅንም ያስመጣል። ድንኳንና ወንበር በየዕድሩ አለ፤ ዝግጅት ማስተባበር ለዕድርተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ፒያኖ፣ ድራምና ኮርድ የሚያስረዳ መምህር ግን ከዕድር ዕቃ ቤት አይወጣም፤ ያ የዩኒቨርሲቲ ድርሻ ነው።