ዳሊያችሁን ማን በላው?

አዲስ አበባ፣ ላፍቶና ለቡ ግቢያችሁ ውስጥ የዳሊያ አበባ የተከላችሁ፣ በክረምት ጠዋት ለጋው ቅጠል ተበሳስቶ፣ አፈሩ ላይም የሚያብረቀርቅ ዝልግልግ መስመር ካያችሁ ጥፋተኛው ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። ቀን ድንጋይ ሥር ይደበቃል፤ የሚበላው ሌሊት ነው። ማታ ባትሪ ይዛችሁ ልቀሙት። ወይም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቢራ አድርጋችሁ እስከ አፉ ድረስ አፈሩ ውስጥ ቅበሩት፤ የእርሾው ሽታ ይስበዋል። አመድ ዝናብ ሲነካው ዋጋ የለውም፤ ጨው ደግሞ አፈሩን ያበላሻል፣ ተዉት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ውኃ ነው። ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ ተክል ስለሆነ ብርዳችን ይስማማዋል፤ ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ግን እንደ ስኳር ድንች ያበጠውን ሥሩን ያበሰብሰዋል። መደቡን ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉ፣ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ቅጠሉ ከጠወለገ ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት ጎኑን ቆፈር አድርጋችሁ ሥሩን እዩ።