መቄዶንያ ከይፋት ሲታይ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ፣ አዛውንትን ወደ መርጃ ማዕከል መውሰድ ገና በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ነው። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው ተብሎ ይወለዳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ቀለብ ሰጪውና አጉራሹ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ገሚሱ ከአዲስ አበባ፣ ገሚሱ ከዐረብ አገር ብር ይልካል፤ አልጋው አጠገብ የምትቀረው አንዲት ልጅ ወይም ምራት ናት።

የእሷን ድካም ጎረቤት እንኳ በቅጡ አያየውም። አልጋ የያዘ ሰው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ዳሌውና ተረከዙ ይቆስላል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሰው ሲያረጅ ደግሞ ጥማቱ ይደበዝዛል። አዛውንቱ «አልጠማኝም» እያሉ ሰውነታቸው ይደርቃል፤ ድንገት ሲቀባዥሩ ቤተሰቡ «ጃጁ» ብሎ ይተዋቸዋል። ውኃውን ሳይጠይቁ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይሻላል። ትኩሳት ካለ ወባ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ማዕከል ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ስም መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። የክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በቤተሰቡ ቤት ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ ጀመረው። ዛሬ በአዲስ አበባ አያት አካባቢና በክልል ቅርንጫፎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያበላል፣ ያጥባል፣ ያሳክማል። የቆመው በሕዝብ መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው። ሠርግ፣ ልደት ወይም ተዝካር ያለበት ቤተሰብ ድግሱን እዚያ ወስዶ ከአረጋውያኑ ጋር ይቋደሳል።

ማዕከሉ የተቋቋመው ጎዳና ላይ ለወደቁና ጧሪ ላጡ ነው። የደከመ ልጅ ወላጁን በክፍያ የሚያስገባበት፣ የውጭ አገሩ ዓይነት ቤት አይደለም። በይፋት የማዕከል ጥያቄ የሚመጣው ልጅ ላልወለደች አክስት፣ ወይም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በግጭትና በጦርነት ሲታመሱ ቤትና ልጅ ላጣ ሽማግሌ ነው። ብቻዋን የቀረችን አክስት እዚያ ያደረሰ ዘመድ መወቀስ ያለበት አይመስለኝም። አድርሷት የጠፋው ግን ይወቀስ።

ምክንያቱም ማጠቡና ማገላበጡ ወደ ሌላ እጅ ቢያልፍም፣ ሰውየውን ማወቅ የዘመድ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ምን ብለው ሲጠሯቸው ደስ እንደሚላቸው፣ ሰላታቸውን ወይም ጾማቸውን፣ የማሽላ እንጀራ እንደሚናፍቃቸው፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማቸው አዲሱ አስታማሚ ካልተነገረው ከየት ያውቀዋል? የጣርማ በርን ዳገት ተሻግረው 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሄዱ የቆላ ሰው ናቸውና የአዲስ አበባ ብርድም ይጠናባቸዋል፤ ጋቢ አይረሳ።

የቅሬ (የዕድር) መዋጯቸውም እንዳይቋረጥ አደራ። በይፋት ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው የሚያውቀው ሳይቀብረው መቅረቱን ነው። ቢያርፉ አስከሬናቸው እንዲመለስ ይፈልጉ እንደሆነ፣ ራሳቸው መናገር በሚችሉበት ጊዜ ጠይቃችሁ ለማዕከሉም ለቅሬው ዳኛም አስታውቁ።