የደራሲው ድምፅና የመታሰቢያ አልበም፦ የጆን ፕራይን ዘፈኖች

የመታሰቢያ አልበም የሟቹ ግጥምና ዜማ ከራሱ ድምፅ ተለይተው መቆም መቻላቸውን ይፈትናል። አሜሪካዊው የፎክና የካንትሪ ዘፋኝና ደራሲ ጆን ፕራይን እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ካረፈ በኋላ፣ ራሱ ከአጋሮቹ ጋር በ1981 የመሠረተው ኦ ቦይ ሬከርድስ «ብሮክን ሃርትስ ኤንድ ደርቲ ዊንዶውስ» የተሰኘውን አልበም ሁለተኛ ክፍል በ2021 አሳተመ። የመጀመሪያው ክፍል በ2010 የወጣው ደራሲው በሕይወት ሳለ በመሆኑ፣ መታሰቢያ ከማለት ይልቅ የክብር አልበም ቢባል ይቀላል።

ዘፈኖቹ ከድምፁ መለየት የጀመሩት ግን ከሞቱ አስቀድሞ ነው። ፕራይን በ1998 ለአንገት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ድምፁ ወፍሮና ሻክሮ፣ የቀድሞ ሥራዎቹን እንደ አዲስ ሊዘፍን ተገድዷል። ቦኒ ሬይትም «ኤንጅል ፍሮም ሞንትጎመሪ»ን ገና በ1974 በራሷ አልበም አውጥታዋለች። በ2021ዱ አልበም ያንኑ ዘፈን ዳግም ስትጫወት የሚሰማው፣ ከደራሲው ድምፅ ጎን ለጎን ለአሥርት ዓመታት የኖረ ሁለተኛ ድምፅ ነው።