ዲኮር ሳትከራዩ የልጅ ልደት፦ ካርቶን፣ ቄጠማ እና ዋልያ

ቲክቶክ ላይ "የልጅ ልደት" ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ የፊኛ ቅስት፣ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ፣ የልጁ ስም በመብራት የተጻፈበት ግድግዳ። ያምራል፣ አይካድም። ግን ይህን አይቶ ለሦስት ዓመት ልጅ ልደት ብድር የሚጠይቅ ወላጅም አለ። "ሰው ምን ይለኛል" የምትለዋ ነገር ከኪስ በላይ ታስወጣለች።

ልጁ ደግሞ የዲኮር ዋጋ አያውቅም። እሱ የሚፈልገው የሚነካው፣ የሚለብሰው፣ የሚሮጥበት ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ልደት እንዴት እንደሚዘጋጅ እናያለን። የራሳችሁ ልጅ ባይኖር እንኳ የእህታችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ አይጠፋም።

1. መጀመሪያ አንድ ሐሳብ ምረጡ

"ቴም" የሚባለው ሌላ ነገር አይደለም፤ ግድግዳው፣ ምግቡ እና ጨዋታው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ሲሆን ነው። የውጭ ካርቱን የግድ አይደለም። እኛ ለምሳሌ የስሜን ተራሮችን እንውሰድ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋልያ በተፈጥሮ የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደውም ከዚሁ እንስሳ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ጭላዳም፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ ያነሰው ቀይ ቀበሮም እዚያ ይገኛሉ። ልጁ ልደቱን ሲያከብር ሦስት እንስሳ ያውቃል ማለት ነው።

2. እንግዳ ቀንሱ፣ ሰዓት አሳጥሩ

የተለመደ መለኪያ አለ፦ የልጁ ዕድሜ ሲደመር አንድ። ሦስት ዓመት ከሞላው አራት ልጆች ይበቃሉ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ከዚህ በላይ ሲሆን ልቅሶው ይበዛል። ሰዓቱን ከቀን እንቅልፍ በኋላ አድርጉት፤ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። ስትጠሩም "ስጦታ አያስፈልግም" በሉ። እጁ ላይ ገንዘብ የሌለው ጎረቤት ልጁን ደብቆ እንዳያስቀር ይረዳል።

3. ግድግዳው እና ወለሉ

ሱቅ ሄዳችሁ ባዶ ካርቶን ጠይቁ። በተራራ ቅርጽ ቁረጡና ግድግዳ ላይ ደርድሩ። ቀለም ከሌለ የተጨማደደ ካኪ ወረቀት ለጥፉበት፤ ድንጋይ ይመስላል። ማጣበቂያም መግዛት አይጠበቅባችሁም፤ የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ እስኪወፍር ካማሰላችሁት ሙጫ ይሆናል። የዋልያ ቀንድ ከተጠቀለለ ጋዜጣ ይሠራል፣ ራስ ላይ በጨርቅ ይታሰራል። ለጭላዳ ደረት ቀይ ወረቀት ይበቃል። ወለሉ ላይ ደግሞ ቄጠማ ጎዝጉዙ፤ ተራራው ሳር አገኘ ማለት ነው።

4. ምግቡ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ

ድፎ ዳቦ ካለ ኬክ የግድ አይደለም፤ ሻማ እሱም ላይ ይቆማል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከገባ፣ ኬኩን ያለ እንቁላልና ወተት መጋገር ይቻላል፤ ቤኪንግ ሶዳና ትንሽ አቼቶ ሲገናኙ አረፋ ስለሚፈጥሩ ሊጡ ይነፋል፣ በዘይት ይለሰልሳል።

ፈንዲሻ የሌለው ድግስ ይከብደናል፣ ግን ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ እና ደረቅ ከረሜላ የትንፋሽ ቧንቧ ሊዘጉ ይችላሉ። ቆሎውንና ፈንዲሻውን ለአዋቂዎች ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ለልጆቹ ሙዝ፣ የተቆራረጠ ዳቦ፣ ልጣጩ የተነሳ ብርቱካን ይበቃል። ፊኛም እንደዚሁ ነው። ያልተነፋ ፊኛ ወይም የፈነዳ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ከተለጠፈ አየር አያሳልፍም። ሲፈነዳ ወዲያው ልቀሙ።

ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ታንቆ ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሱትና በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል በመዳፍ 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፤ እስኪወጣ አፈራርቁት። ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አትክተቱ፣ የበለጠ ሊገፋው ይችላል።

ቡና የሚፈላ ከሆነም መስኮት ይከፈት። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

5. ጨዋታው

በዚህ ዕድሜ "ተሸንፈሃል፣ ውጣ" የሚባልበት ጨዋታ በልቅሶ ያልቃል። ይልቅ የዋልያ ሥዕሎች ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ ደብቁ፣ ሁሉም አብሮ ይፈልግ። አኩኩሉም አለ። ጭላዳ በዋናነት የሚበላው ሳር ስለሆነ ልጆቹ ቁጭ ብለው ቄጠማ እንደ ጭላዳ "ይልቀሙ"፤ ብቻ እንዳይበሉት አንድ ሰው ይይ።

6. ፎቶው

የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ወላጁን ጠይቁ። የልጁን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የሰፈር ወይም የትምህርት ቤት ስም አንድ ላይ አታውጡ። አንዴ ከወጣ ማን እንደሚያስቀምጠው አይታወቅም።

የተረፈው ካርቶን በነጋታው የመጫወቻ ቤት ይሆናል። የተከራያችሁትን ዲኮር ግን ማታውኑ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።

ለልደት የሚበደር ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን ላኩለት።