ናይትሮጅን፣ የማሽላ ቅጠልና የሰንጋ መኖ

በአሰቦትና በሚኤሶ ቆላ ማሽላ የሰውም የከብትም ቀለብ ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ዘሩን አብዝቶ ይዘራል፤ ቡቃያው ከፍ ሲልም ደረጃ በደረጃ እያሳሳ ለሚያደልበው ሰንጋ ያበላል። ኋላም የታች ቅጠሉን እየለቀመ ይመግባል። ስለዚህ በማሳ ላይ የሚጨመረው ማዳበሪያ እህሉን ብቻ ሳይሆን በሬው የሚበላውንም ቅጠል ይለውጣል። ይህ እንዴት እንደሚሆንና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሀ. የናይትሮጅን ሥራ

የማሽላ ሥር ናይትሮጅንን ከአፈር የሚስበው በአብዛኛው ናይትሬት በሚባል መልክ ነው። ናይትሬቱ ከውኃ ጋር ወደ ቅጠሉ ይወጣል። በዚያም ኤንዛይሞች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ከአሞኒያው አሚኖ አሲድ፣ ከአሚኖ አሲዱም ፕሮቲን ይሠራል። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊልም ናይትሮጅን አለበት። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው በእነዚህ ነው።

ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ የአሮጌ ቅጠሎቹን ፕሮቲን አፍርሶ ወደ አዲሶቹ ያሻግራል። ስለሆነም ቢጫነቱ ከታችኞቹ ቅጠሎች ጫፍ ይጀምርና መካከለኛውን ጅማት ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለው ቅጠል ለመኖም ቢሆን ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው።

ለ. ዝናብ ሲቋረጥ

ውኃ ሲጠፋ ናይትሬትን የሚለውጠው ኤንዛይም ይደክማል። ናይትሬቱም ሳይለወጥ ይቀርና በተለይ በአገዳው የታችኛው ክፍል ይከማቻል።

ማሽላ በተጨማሪ ዱሪን የሚባል ነገር ይሠራል። ይህን ዱንስታንና ሄንሪ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳወቁት ሲሆን፣ ስሙ ማሽላ በዓረብኛ ከሚጠራበት ዱራ ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ቅጠሉ ሲታኘክ ዱሪን ፈርሶ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ይለቃል። ዱሪን በለጋ ቡቃያና ከተቆረጠ በኋላ በሚያቆጠቁጥ ማሽላ ይበዛል፤ ናይትሮጅን ሲበረክትና ድርቅ ሲመታ ደግሞ ይጨምራል። ተክሉ እያደገ ሲሄድ ይቀንሳል።

ሐ. የመመረዝ ምልክቶች

በሲያናይድ የተመረዘ ከብት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፤ ደሙ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በናይትሬት የተመረዘ ከብትም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ደሙ ግን እንደ ቡና ይጠቁራል። ሁለቱም በጥቂት ሰዓት፣ ሲያናይድ እንዲያውም በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ የደሙን መልክ ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው መንገር ይጠቅማል።

መ. ጥንቃቄ

1. 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ ባንድ ጊዜ አይጨመር። ለመኖ የሚሆነው ቡቃያ ከተሳሳ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከተክሉ ጎን ተደርጎ አፈር ይልበስ።

2. ዩሪያ ከተጨመረ በኋላ ዝናብ ከቀረ፣ ከዚያ ማሳ የሚነቀል ቡቃያ ለከብት አይሰጥ።

3. ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ለጋ ማሽላ በእርጥቡ አይብላ። በደንብ ከደረቀ ሲያናይዱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ መጠውለግ ብቻ ግን አይበቃም።

4. ናይትሬት በመድረቅ አይጠፋም። በድርቅ የተመታ አገዳ ሲታጨድ የታችኛው ክፍል ማሳው ላይ ይቅር።

5. ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ማሽላው ያማረ ቢመስልም ቢያንስ 10 ቀን ይጠበቅ።

6. የተራበ በሬ ማሽላ ብቻ አይቅረብለት። አስቀድሞ ድርቆሽ ወይም ገለባ ይብላ።

የማሽላ ቡቃያን ማብላት ይቅር አንልም፤ የሐረርጌን ሰንጋ ያደለበ ልማድ ነው። የምንመክረው ግን ገበሬው ዩሪያ የጨመረበትን ቀንና የመጨረሻውን ዝናብ ሳያስታውስ ቡቃያውን ወደ ግርግም እንዳይወስድ ነው።