የባለወፍጮዋ ዘር፡ በመንዝ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ያልተቆጠረ ሙያ

መግቢያ

በአንድ የትምህርት ዘርፍ የቤተሰብ ታሪክ ጽፈን እንድናቀርብ ስንታዘዝ ሥራው ለእኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጣሁት ከመንዝ፣ ከዘመሮ ነው። መንዜ ደግሞ ዘር መቁጠር አይቸግረውም። ለምሳሌ የተሰጠን ጽሑፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ገጠር ስለኖረ ባለወፍጮና አረቄ አውጪ ቤተሰብ የሚተርክ ነበር። ሰውየው የራሱ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ስሙ በግብር መዝገብ ሰፍሯል፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። እኔም ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ ይኼንኑ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። «በእኛ ዘር ባለወፍጮ የነበረው ማነው? አረቄ የሚያወጣውስ?» ብዬ አጎቴን ጠየቅኳቸው። አጎቴ ሳቁ። «ወፍጮ የሴት አይደለም እንዴ፤ እሱ ደግሞ ምኑ ይቆጠራል?» አሉኝ። ይህች አጭር ጽሑፍ የተነሣችው ከዚያ ሳቅ ነው።

ወፍጮና መጅ

እንደሚታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመንዝ ባለወፍጮ የሚባል ሙያተኛ ወንድ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ወፍጮ አልነበረም ማለት አይደለም፤ በየቤቱ ነበር። በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ዘንበል ብሎ የተቀመጠ ሰፊ ድንጋይ ወፍጮ ይባላል፤ ሴትየዋ በሁለት እጇ የምትገፋው ትንሹ ድንጋይ መጅ ነው። እህሉ መጀመሪያ ይከካል፣ ቀጥሎ እየተመላለሰ እስኪልም ይፈጫል። የመንዝ ደጋ ዋና እህል ገብስ ስለሆነ ለዳቦውም፣ ለበሶውም፣ ለጠላውም የሚፈጨው እሱ ነው። ድንጋዩ ሲሟልጥ በሹል ነገር እየተመታ ይወቀራል፤ እየተወቀረ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይጎደጉዳል።

አያቴ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው ይፈጩ እንደነበር ነግረውኛል። «ጨለማው እንዳያስፈራን እናንጎራጉር ነበር ልጄ» አሉኝ። የወፍጮ እንጉርጉሮ የሚባለው ይኸው ነው። ሴቲቱ ባሏን፣ አማቷን፣ ድህነቷን በግልጽ መናገር ባትችል ለመጇ ትነግረዋለች። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትልቅ ምንጭ ነው።

ታዲያ የውሃ ወፍጮ ለምን አልተስፋፋም? በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805-1840 ዓ.ም.) ሸዋ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሰው በውሃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙት ወፍጮው ቆመ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው ካህናቱን ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ሌላም ምክንያት የነበረ ይመስለኛል። በመኳንንቱ ቤት የሚፈጩት ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፤ በገበሬው ቤት ሚስትና ሴት ልጅ ነበሩ፤ በዘመቻ ጊዜም ሴቶች ከሠራዊቱ ጋር ተጉዘው ይፈጩ ነበር። ድካሙ የማይደርስበት ሰው ማሽኑ ቢቀር ምን ይጎድልበታል?

አረቄ

አረቄ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ላብ ማለት ነው። አሠራሩን ያየ ሰው ስሙ ትክክል ነው ይላል። የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ ከብቅል ጋር በውሃ ይጠነሰሳል። ቀጥሎ የእህል ዱቄት ተቦክቶ ቂጣ ይጋገርና ተቆራርሶ ይጨመርበታል። ድፍድፉ ለቀናት ሲብላላ ከርሞ በእንስራ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በደንብ ይመረግና እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል፤ እዚያ ሲደርስ እንደ ላብ ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ነው፤ እንደገና ሲወጣ ዳግም ይባላል፤ ዳግሙ የአልኮል መጠኑ ወደ 45 በመቶ ይደርሳል።

እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያራል፤ ከደከመ አይወጣም። ውሃው ሲሞቅ ካልተቀየረ እንፋሎቱ በከንቱ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር፣ በእጅና በአፍንጫ የሚሠራ ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ዘር ቆጠራው

የመንዝ ሰው ዘሩን የሚቆጥረው ለኩራት ብቻ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በዘር ነው፤ ከአቅኚው አባት መወለዱን ያላስረዳ መሬት አይጠይቅም። ደግሞም ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። ስለዚህ የሴት ስም ከሐረጉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

አጎቴን ድጋሚ ቁጠሩልኝ ብያቸው ሰባት ቤት ቆጠሩ። አንዱን ትውልድ 30 ዓመት ብንለው አምስተኛው ቤት የዛሬ 150 ዓመት ገደማ፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ ላይ ያደርሰናል። እዚያ ቦታ ላይ የተጠራችው ሴት ናት! የእኛ ቤት መሬት የመጣው በእሷ ነው። «ስሟን የያዝነው ለርስቱ ነው» አሉኝ አጎቴ። ምን ትሠራ እንደነበር ግን ማንም አልያዘውም።

የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ርስትን ሲያስቀር ዘር መቁጠርም ጥቅሙ ቀነሰ። በዚያ ሥርዓት ያደጉት ሽማግሌዎች ሲያልፉ በርስት ምክንያት የቆዩት የሴቶች ስሞች አብረው ያልፋሉ። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ ጀምሮ ተጽፏል። የእኛ ግን ካልጻፍነው የለም።

ማጠቃለያ

ዛሬ እህል የሚፈጨው በሞተር ነው። ሴቶች ከሌሊት ድካም ተገላግለዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ወፍጮ ሞተር ሲሆን ባለወፍጮው ወንድ ሆነ፤ የሙያ ስምም ያኔ ተገኘለት። በእንስራ የቀረው አረቄ ግን አሁንም በሴት እጅ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ በምሳሌው ላይ እንዳለው ዓይነት ባለወፍጮና አረቄ አውጪ በእኛም ዘር ነበረ፤ እኔ የፈለግኩት በተሳሳተ ቦታ ነው። የአያቴ አሮጌ ወፍጮ አሁን ደጃፍ ላይ መረገጫ ሆኗል። መሐሉ ጎድጉዶ ዝናብ ይቋጥራል። ከእናታቸው እንደወረሱት፣ እናታቸውም ከእናታቸው እንደተቀበሉት ነግረውኛል። ያ ጉድጓድ የተቆፈረው በቤተሰቤ ሴቶች ክንድ ነው፤ እስካሁን ካገኘሁት መዝገብም እሱን የሚያህል የለም። እናንተም ለዕረፍት ስትሄዱ፣ አባቶችን ካስቆጠራችሁ በኋላ፣ «ማን ይፈጭ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።