ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ የመሬት ሽቦ

የኤሌክትሪክ ምጣድ በብዙ ስፍራ በባለ እጅ የሚሠራ ዕቃ ነው። ሠሪው በሸክላው ጀርባ ቦይ ያወጣና የተጠመዘዘውን የሬዚስታንስ ሽቦ ያስገባበታል፤ በላዩም ጀሶ ይመርግበታል፤ ከዚያም በኋላ በላሜራ ማቀፊያ ውስጥ ያኖረዋል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም የመሬት ሽቦ ነው።

የመሬት ሽቦ ማለት የዕቃውን ብረት ከምድር ጋራ የሚያገናኝ ሽቦ ነው፤ ምልክቱም አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ነው። ጥቅሙ እንዲህ ነው። ጀሶው ሲሰነጠቅ፥ ሸክላው ውኃ ሲጠጣ፥ ወይም የጋለው ሽቦ ረግቦ ላሜራውን ሲነካ ብረቱ 220 ቮልት ይሸከማል። በዚያን ጊዜ እጅዋ በሊጥ የራሰ ሴት በባዶ እግርዋ ቆማ ብረቱን ብትነካ ኃይሉ በሰውነትዋ አልፎ ወደ ምድር ይወርዳል። 3500 ዋት ያለው ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ሰውን ለመግደል ግን የ1 አምፔር ዐሥረኛ እጅ እንኳ ይበቃል። የመሬት ሽቦ በደንብ ከታሰረ ኃይሉ በእርሱ በኩል በብዛት ስለሚያልፍ ፊውዙ ወዲያው ይቃጠላል፤ ሴቲቱም ትድናለች።

አሠራሩም ይህ ነው። በመጀመሪያ ዕቃው ከሶኬት ይነቀል። የላሜራው ቀለምና ዝገት እስኪጠራ ይፋቅ፤ ሽቦውም ለእርሱ ብቻ በተለየ ብሎንና ሮንዴላ ጠብቆ ይታሰር። ውፍረቱ ኃይል ከሚያመጡት ሽቦዎች አይነስ፤ ገመዱ ቢሳብ መጨረሻ የሚበጠሰው እርሱ እንዲሆን ከሌሎቹ ጥቂት ይርዘም። ስፒናውም ሶኬቱም የመሬት መገናኛ ያላቸው ይሁኑ። ኒውትራል የሚባለውን የመመለሻ ሽቦ በላሜራው ላይ ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ ያ ሽቦ በመንገድ ቢበጠስ ላሜራው ራሱ ኃይሉን ይሸከማልና። በመጨረሻም ከስፒናው የመሬት መገናኛ እስከ ላሜራው ያለው ተቃውሞ በመለኪያ ይፈተን፤ ከ1 ኦም በታች ሊሆን ይገባል።

አንዳንድ ሰው በደጁ የብረት ዘንግ ከቀበረ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። የደረቅ ምድር ተቃውሞ ግን ብዙ ነው። 20 ኦም ቢሆን፥ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ብቻ ይሆናል፤ ይህም የ20 አምፔሩን ማቋረጫ ቶሎ አያስዘጋውም፤ ላሜራውም አደገኛ እንደ ሆነ ይቈያል። ስለዚህ ኃይል ሾልኮ ሲወጣ በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ መሣሪያ በቆጣሪው አጠገብ በባለሙያ እጅ ሊተከል ያስፈልጋል።

የመሬት ሽቦ የሌለው ምጣድም እንጀራውን እንደ ሌላው አሳምሮ ይጋግራል፤ ጉድለቱ በሥራው አይታወቅም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለ፥ ለብዙ ዘመን ያለ ጉዳት ያገለገለ ዕቃ አንድ ቀን ነፍስ ያጠፋል። እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሎችም ለመንደራቸው ባለ እጆች ይህን ያስረዱ፤ ምጣድ የሚገዛ ሰውም ከዋጋው አስቀድሞ የመሬት ሽቦውን ይጠይቅ።